ቅጠሉ ይሻገራል፣ ልጁ ይቀራል፦ «ፋያ ዳዪ»ን ሁለት ጊዜ ማየት

«ፋያ ዳዪ»ን መጀመሪያ ያየሁት ሌሊት፣ በላፕቶፕ፣ ብቻዬን ነው። ፊልሙ ብዙም ሳይሄድ አንድ ነገር አሳፈረኝ። ሐረር ከአዲስ አበባ በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። እኔ ግን እዚያ ያሉ ልጆች ምን እንደሚባባሉ ለማወቅ ዓይኔን ከእንግሊዝኛው ሰብታይትል ላይ መንቀል አልቻልኩም። ፊልሙ በአብዛኛው ኦሮምኛ ይናገራል፤ ሐረሪና አማርኛም አሉበት። አማርኛ በሰማሁ ቁጥር እፎይ ስል ራሴን ያዝኩት። ስለ ስደት የተሠራ ዘጋቢ ፊልም እያየሁ፣ እንግዳው እኔው ሆኜ አረፍኩት።

ዳይሬክተሯ ጄሲካ በሽር ሜክሲኮ ሲቲ ተወልዳ ሐረር ያደገች ናት። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች በአገሪቱ የፖለቲካ ቀውስ ምክንያት ወጣች። ከዓመታት በኋላ ካሜራ ይዛ ተመለሰች፣ ለ10 ዓመት ያህል እየተመላለሰች ቀረጸች፤ ካሜራውን የያዘችውም ራሷ ናት። ፊልሙ በ2021 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ ላይ ታየ፣ በኋላም ለኦስካር በተለዩት 15 ዘጋቢ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሁሉ ነገር ጥቁርና ነጭ ነው፦ ጭጋግ፣ የዕጣን ጭስ፣ በጠባብ መስኮት የሚገባ ብርሃን። ይሄ የቱሪስት ዓይን አይደለም። እዚያው የኖረ ሰው ዓይንም አይደለም። ትቶ የሄደ ሰው፣ ሲመለስ ሁሉንም ነገር ቆሞ እንደሚያየው ያለ ነው።

የውጭ ሐያስያን ስለ ፊልሙ ሲጽፉ «ሕልም መሰል» ማለት ይወዳሉ። እኛ ግን የተሻለ ቃል አለን፤ ምርቃና። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሕልም ሳትጠሩት ይመጣል። ምርቃና ግን በገንዘብ ይገዛል፣ ይቀመጡለታል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ሲወርድ ደግሞ ሥራ ማጣቱም ዕዳውም ከነበሩበት አልተነቃነቁም። ፊልሙ ይሄንን ያውቃል። ዘላለማዊ ሕይወት ስለሚሰጥ ውኃ የሚተርከውን የሱፊ አፈ ታሪክ እያነሳ ጫት በእምነት ውስጥ የነበረውን ቦታ ያሳየናል፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ሥራው ይወስደናል።

እኔ በጣም የወደድኩት ይሄንን ሥራ ነው። ጫት ትኩስነቱን ካጣ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ሲለቀም፣ ሲታሰር፣ ሲጫን ሁሉም ሰው ይቻኮላል። የሚቅመው ሰው ግን ቁጭ ብሎ ጣሪያ ያያል። በአንድ ቅጠል ዙሪያ ሁለት ዓይነት ጊዜ አለ፤ ፊልሙ ማንም ሳያብራራ ይሄንን ያሳያል።

መሐመድ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ለቃሚዎች ይላላካል፣ ከሚቅም አባቱ ጋር ይጋጫል፤ እናቱ ርቃ ሄዳለች። እሱም ቀይ ባሕርን መሻገር ያስባል። እዚህ ጋ ፊልሙ የማይናገረውን እኔ ልናገር። የሐረርጌ ጫት በየቀኑ ወደ ጅቡቲ በሕጋዊ መንገድ፣ በፍጥነት ይገባል። የምሥራቁን መስመር የሚይዙ ልጆችም በዚያው በጅቡቲ በኩል ያልፋሉ፤ ብዙዎቹ በእግራቸው፣ በሙቀት፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን። ድንበሩ ቅጠሉን የሚጠብቀው ቀጠሮ ይዞ ነው። ልጁን ግን ማንም አይጠብቀውም።

ቅሬታ አለኝ። ፊልሙ በጣም ያምራል፣ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ። አንድ ሰው ተስፋ እንደቆረጠ ሲናገር ፊቱ ላይ ያረፈው ብርሃን ልብን ይወስዳል፣ የተናገረው ነገር ደግሞ ጭሱ ውስጥ ይጠፋል። ፖለቲካውም በሹክሹክታ ያልፋል። ተመልካቹ ራሱ መርቅኖ ሊወጣ ይችላል፤ እኔ በመጀመሪያው ጊዜ እንደዛ ነው የወጣሁት።

ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ኦሮምኛ አፍ የፈታችበት ከሆነች ጓደኛዬ ጋር ነበር። ርዕሱ ከጫት ለቀማ ዜማ የተወሰደ መሆኑን፣ ውስጡም የጤና ቃል እንዳለበት ነገረችኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ፤ ሳቀች። ደግማም ሳቀች። ሰብታይትሉ ላይ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። አቁሜ ስጠይቃት «ኧረ አባባሉ ነው፣ ሠፈር ውስጥ እንዲህ ነው የሚያወሩት» አለችኝ።

ለእኔ ሕልም የነበረው ለእሷ የልጆች ወሬ ነበር፤ ልሂድ ወይስ ልቅር የሚል፣ በቀልድ የተሸፈነ ወሬ። እና ፊልሙን ስታዩት፣ ከቻላችሁ ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር እዩት። ምስሉ የሄደችው ሴት ነው። ድምፁ ግን ገና ያልወሰኑት ልጆች ነው፣ እና እኔ የመጀመሪያውን ሌሊት እነሱን አልሰማኋቸውም።