የመምህራን ማኅበር ጽናት

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ የሙያ ማኅበር ነው። የሚደነቀው ስለ ትምህርት መምህሩ ሳይጠየቅ የተወሰነውን ዝም ብሎ ባለመቀበሉ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውሞ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ተማሪውና ወላጁም ዕቅዱን ተቃወሙ፤ መንግሥትም ሊያዘገየው ተገደደ።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የዚህ ጽናት ዋጋ እጅግ ከበደ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት በግንቦት 1988 ዓ.ም. ከውጭ ሲመለሱ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዙ። በ1991 ዓ.ም. 15 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው በ1994 ዓ.ም. ተፈቱ። የሥራ አስፈጻሚ አባሉ አቶ አሰፋ ማሩ ደግሞ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ።

ማኅበሩ ግን አቤቱታውን ለዓለም የሥራ ድርጅት አቅርቦ ለዓመታት ተከራከረ። ባልደረባን ቀብሮ፣ መሪን ወህኒ ትቶ፣ በሕግና በማስረጃ ብቻ መሟገት ብርቱ ልብ ይጠይቃል። በ2000 ዓ.ም. ሰበር ሰሚ ችሎት የማኅበሩን ስምና ንብረት በዚያው ስም ለተቋቋመ ሌላ ማኅበር ወሰነ። መምህራኑ በአዲስ ስም ለመመዝገብ አመለከቱ፤ ምዝገባውም ተከለከለ።