ሰዓት መቍጠርና ሰውን ማወቅ፤ «የኢቤሊን ድንቅ ሕይወት» ስለ ተባለው ፊልም የቀረበ ሂስ

በዛሬው ዘመን ወላጆች ተሰብስበው ስለ ልጆቻቸው ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ልጅህ በቀን ስንት ሰዓት ስክሪን ላይ ያፈጣል?» የሚል ነው። ሁለት ሰዓት የሚል ደስ ይለዋል፤ ስድስት ሰዓት የሚል ግን አንገቱን ይደፋል። ጥያቄው ከአሳቢ ልብ የሚወጣ ስለ ሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን ሮጦ የሚገባበት ሜዳ ላለው ልጅ የተሠራው መስፈሪያ፣ ከአልጋው ወይም ከተሽከርካሪ ወንበሩ መነሣት ለማይችለው ልጅም ያው መስፈሪያ ሊሆን ይገባዋልን? ይህን እንዳስብ ያደረጉኝ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የእኅቴ ልጅ የተናገረኝ ቃል ነው፤ ሁለተኛው በኖርዌይ አገር የተሠራ አንድ ፊልም ነው።

የእኅቴ ልጅ የ15 ዓመት ወጣት ነው። በሕፃንነቱ ጉሮሮውን ታሞ በጊዜው ሳይታከም ስለ ቀረ፣ ሕመሙ ወደ ልቡ ተሻግሮ የሩማቲክ የልብ ሕመምተኛ ሆነ። በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል፤ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ይቈራረጣል፤ ሐኪሙም ኳስ እንዳይጫወት ከልክሎታል። አንድ ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩን ከእጁ ነጥቄ፣ «ከቀትር ጀምሮ ዐይንህን ከዚህ ነገር ላይ አላነሣህም፤ ዕድሜህን እኮ በከንቱ እየጨረስኸው ነው» ብዬ ተቈጣሁት። እርሱም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በእኔ ዕድሜ ሳሉ ከጧት እስከ ማታ ሜዳ ላይ ሲውሉ ሰዓቱን የቈጠረብዎ ሰው ነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ስልኩን ግን አልመለስሁለትም፤ ሰው መልስ ሲያጣ ሥልጣኑን ይዞ ይቀመጣልና።

ፊልሙን ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። ያዘጋጀው ቤንጃሚን ሬ የተባለ ኖርዌያዊ ነው። በ2024 በአሜሪካ አገር በሰንዳንስ የፊልም በዓል ላይ ቀርቦ ተሸለመ፤ በዚያው ዓመትም በኔትፍሊክስ አማካይነት ወደ ብዙ አገር ተሠራጨ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ታሪኩም ልብ ወለድ ሳይሆን የተፈጸመ እውነት ነው። ማትስ ስቴን በ1989 በኖርዌይ ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለም ዱሼን የሚባለው የጡንቻ በሽታ እንዳለበት ታወቀ። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች ልጆችን የሚይዝ ሲሆን፣ አስቀድሞ እግርን፣ ቀጥሎ እጅን፣ በመጨረሻም የመተንፈሻንና የልብን ጡንቻ እያደከመ ይሄዳል። ማትስም በልጅነቱ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ፤ እየቈየም ከጣቶቹ በቀር እምብዛም የሚታዘዝለት አካል አልቀረውም። በ2014 በ25 ዓመቱ ሞተ።

ይህ ወጣት ከጐረምሳነቱ ጀምሮ ብዙውን ጊዜውን ያሳለፈው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» በተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነበር። ጨዋታው በ2004 የወጣ፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ እጅግ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት ሰፊ ዓለም ነው። የገባው ሰው ሁሉ ለራሱ ስምና መልክ ያወጣል፤ ማትስም ኢቤሊን የሚባል ብርቱ ጐልማሳ ሆኖ ይሮጥ፣ ከሰውም ጋር ይጨዋወት ነበር። በመጨረሻዎቹ ዐሥር ዓመታት በዚያ ያሳለፈው ጊዜ ከ15,000 እስከ 20,000 ሰዓት እንደሚደርስ ተነግሯል፤ ይህም ሲካፈል በየቀኑ ከአራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል መሆኑ ነው። ሰዓት ቈጣሪ ይህን ቢሰማ «አቤት ጥፋት!» ይላል። የገዛ ወላጆቹ እንኳ፣ እጅግ እየወደዱትና እየተንከባከቡት፣ ልጃችን ወዳጅ ሳያገኝ፣ ፍቅርንም ሳያውቅ፣ ለሌላ ሰው ሳይጠቅም ሞተ ብለው አዘኑ። አባቱም ልጁ በኢንተርኔት ላይ ይጽፍበት በነበረው ገጽ መርዶውን አወጣ። ያን ጊዜ ከማያውቋቸው ሰዎች፣ ከልዩ ልዩ አገር፣ የኀዘንና የምስጋና መልእክት ይጐርፍላቸው ጀመር።

የፊልሙ አሠራር ሊመሰገን የሚገባው በዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ የማትስን ሕይወት ወላጆቹ እንዳዩት አድርጎ፣ ቤተሰቡ በቀረጹት ሥዕል፣ ከልደቱ እስከ ቀብሩ ያሳየናል። እኛም ተመልካቾቹ «ምስኪን!» ብለን እንፈርዳለን። ከዚያ በኋላ ታሪኩን እንደ ገና ከመነሻው ጀምሮ፣ አሁን ግን ኢቤሊን በኖረበት ዓለም ውስጥ ሆኖ ይተርክልናል። ጓደኞቹ «ስታርላይት» በተባለው ማኅበራቸው ውስጥ የተጻጻፉት ንግግር ተጠብቆ ስለ ቈየ፣ ፊልም ሠሪው ያንኑ መሠረት አድርጎ በጨዋታው መልክ በሚንቀሳቀስ ሥዕል አቅርቦታል። እንዲህ ሲሆን ተመልካቹ የወላጆቹን ስሕተት ከውጭ ሆኖ አይታዘብም፤ ራሱ ተሳስቶ ራሱ ይታረማል። እኔም ስልኩን የነጠቅሁበትን ምሽት አስታውሼ አፈርሁ።

እነዚያ ሰዓቶች ምን ይዘው ኖሯል? በሆላንድ አንዲት ልጃገረድ ነበረች፤ ወላጆቿ ስለ ትምህርቷ ሠግተው ኮምፒዩተሯን ሲወስዱባትና ከጓደኞቿ ተለይታ ስታዝን፣ ማትስ ለወላጆቿ ደብዳቤ ጽፎ አማለዳት። በዴንማርክ ደግሞ ከልጇ ጋር መግባባት የቸገራት አንዲት እናት ነበረች፤ ልጇ ከቤት መውጣትንና ከሰው ጋር መቀላቀልን የሚፈራ ነበር። ማትስ እናትና ልጅ በጨዋታው ውስጥ አብረው እንዲሆኑ መከራት፤ በዚያም በኩል ልብ ለልብ መገናኘት ጀመሩ። እንግዲህ ራሱን አንሥቶ ውሃ መጠጣት የማይችል ልጅ የሌላውን ሰው ቤት ያስታርቅ ነበር ማለት ነው። ሰዓት የሚቈጥር መሣሪያ ይህን ሁሉ ሊያሳይ አይችልም። ለመሣሪያው ደብዳቤ የጻፈበት ሰዓትና ያዛጋበት ሰዓት አንድ ናቸው።

ይሁን እንጂ ሂስ ጸሐፊ አልቅሶ ብቻ ዝም ሊል አይገባውም። በፊልሙ ላይ ሦስት ነገር እወቅሳለሁ።

አንደኛ፣ ፊልሙ ጨዋታውን ከሚገባው በላይ አሳምሮታል። በሥዕሉ ውስጥ ሜዳው ሁልጊዜ ለምለም፣ ብርሃኑም ወርቅ የመሰለ ነው። ነገር ግን ጨዋታው በየወሩ ክፍያ የሚጠየቅበት የንግድ ዕቃ ነው፤ ነጋዴም ደንበኛው እንዳይሄድበት መጣሩ የታወቀ ነው። ማትስ በዚያ ወዳጆችን ማግኘቱ የሠሪዎቹ ቸርነት ሳይሆን የተገናኙት ሰዎች መልካምነት ነበር። ይህን ፊልሙ በሚገባ አልለየልንም።

ሁለተኛ፣ የሥጋን ነገር ችላ ብሎታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች፣ አካል ጉዳተኞችም ጭምር እንደ ችሎታቸው፣ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ በስክሪን ፊት ለመዝናናት መቀመጥንም እንዲቀንሱ ይመክራል። ስለዚህ «ሕመምተኛ ነውና ተዉት» የሚለው ርኅራኄ አንዳንድ ጊዜ የስንፍና ሌላ ስሙ ነው። የታመመ አካል ከጤነኛው ይልቅ እንቅልፍና መጠነኛ እንቅስቃሴ ያሻዋል እንጂ አያንሰውም።

ሦስተኛውና ከባዱ የመሸሸግ ነገር ነው። ማትስ ብዙ ዘመን ሕመሙን ከጓደኞቹ ሰውሮ ኖረ። በስክሪኑ ዓለም ሰዎች ከወንበሩ በፊት ጠባዩን ማወቃቸው ታላቅ ጸጋ ነበር፤ ግን ያው መጋረጃ ኀዘኑንም ሸፈነበት። ከባልንጀሮቹም ጋር እንደ ተጣላ፣ ሰውም እንዳስቀየመ ፊልሙ አልደበቀም፤ ይህን በማድረጉ አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩን ቶሎ አልፎታል። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሥጋ ብቻ አይደለም። ማትስ በኋላ ምስጢሩን ሲገልጥ ወዳጆቹ አልሸሹትም፤ እንዲያውም ቀረቡት። ከፊልሙ ሁሉ ወጣቶች ሊይዙት የሚገባ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል።

ታዲያ የሰዓቱ ነገር ከንቱ ነውን? አይደለም፤ ብቻውን አይበቃም እንጂ። ከላይ የጠቀስሁት መመሪያ እንኳ ለእነዚህ ዕድሜዎች የሰዓት ቍጥር አልወሰነም። ይኸው ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጨዋታ ሱሰኝነትን እንደ ሕመም አስገብቷል፤ ምልክቱንም ሲዘረዝር የሰዓት ብዛት አላለም። ሰውየው ራሱን መግዛት አቅቶት እንደ ሆነ፣ ጨዋታውን ከሌላው ኑሮው ሁሉ አስበልጦ እንደ ሆነ፣ ጉዳቱን እያየ መተው ተስኖት እንደ ሆነ ይመረመራል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ሲቈይ ነው። እንግዲህ ሐኪሞቹ ሰውየውን ሲመረምሩ እኛ ሰዓቱን ብቻ እንመረምራለን።

ደግሞ ከመቍጠራችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ አካል ጉዳተኛው ልጅ ወደ ጓዳ እንዲገባ የሚደረግበት ቤት ዛሬም አልጠፋም። ትምህርት ቤቱን በደረጃ እንሠራና ተሽከርካሪ ወንበር የያዘውን ልጅ በር ላይ እናስቀረዋለን። የሰፈር ልጆችም ሲጫወቱ «አንተ ተቀመጥ» ይሉታል። ሜዳውን ሁሉ ከዘጋንበት በኋላ፣ ለቀረችው አንዲት መስኮት ሰዓት ቈጣሪ እናቆማለን። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ስክሪኑ እንዲያንስ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሌላ በር ይክፈት።

በዚህ ፊልም ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የወላጆቹ መዘግየት ነው። እነርሱ ክፉዎች አልነበሩም፤ ልጃቸው ይጫወት እንደ ነበርም ያውቁ ነበር። ከማን ጋር፣ ስለ ምን፣ ለምን ብለው ወደዚያ ዓለም አልገቡም እንጂ። ልጃቸውን ያወቁት ከሞተ በኋላ ነው። ፊልሙ ይህን ኀዘን ወደ ደስታ ለውጦ ስለሚያሰናብተን ተጽናንተን እንወጣለን፤ እኔ ግን መጽናናቱን እፈራዋለሁ። ልጁ በሕይወት ያለለት ሰው ሊጽናና አይገባውም፤ ሊነሣ ይገባዋል።

እኔም ተነሥቼ ወደ እኅቴ ቤት ሄድሁ። ስልኩን መለስሁለትና «አጠገብህ ልቀመጥ፤ የምታየውን አሳየኝ» አልሁት። መጀመሪያ ጠረጠረኝ፤ በኋላ ግን አሳየኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ከሰዓቱ ግማሽ ያህሉ ከንቱ ነበር፤ አንዱ አጭር ቪዲዮ ሌላውን እየጐተተ የሚያመጣበት፣ ምን እንዳየ ራሱም የማያስታውሰው ጊዜ ነው። በሌላው ግማሽ ግን መርፌ ሊወጋ ሲሄድ ከተዋወቀው፣ እንደ እርሱ ልቡን ከሚያመው አንድ ልጅ ጋር ቼዝ ይጫወታል። ያ ልጅ መርፌውን ፈርቶ ሊቀር ሲል «እኔም እሄዳለሁ፤ በር ላይ እንገናኝ» እያለ ይጽፍለት ኖሯል። ይህን እናቱም እኔም አናውቅም ነበር። ስልኩን በነጠቅሁበት ምሽት የነጠቅሁት ይህንንም ጭምር ነው።

ከዚያ ወዲህ ከከንቱው ግማሽ እንዲቀንስ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላም ስልኩ ከመኝታው ርቆ እንዲያድር ተስማማን። ስምምነቱ አንዳንድ ቀን ይፈርሳል፤ እንጨቃጨቃለን። ጓደኛውን ግን ወደ ቤት እንዲጋብዘው አደረግን፤ ሁለቱም ቀስ ብለው እየተራመዱ እስከ መንገዱ ጫፍ ደርሰው ይመለሳሉ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለብህ እንደ ሆነ፣ በስክሪኑ ፊት የምታገኘው ወዳጅ እውነተኛ ወዳጅ ሊሆን ይችላልና ማንም አያሳፍርህ። ዳሩ ግን ማታ ስልክህን ስታስቀምጥ፣ «ዛሬ በዚህ ውስጥ ለማን ጠቀምሁ? ማንስ እኔን አወቀኝ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። መልስ ካገኘህ ሰዓቱ አልጠፋም፤ መልስ ካጣህ ግን አንዲት ሰዓት እንኳ ብዙ ናት። ጤነኛ የሆንህ እንደ ሆነ ደግሞ፣ የማትስን ታሪክ ለራስህ ስንፍና መሸፈኛ አታድርገው፤ እርሱ የተከለከለው ሜዳ ላንተ ክፍት ነውና። ወደ ሜዳው ስትወጣም በጐረቤትህ በር አጠገብ እለፍ፤ በውስጥ የተቀመጠ ልጅ ካለ ስሙን ጠርተህ ግባ፤ የሚያየውንም እንዲያሳይህ ለምነው።