የመኪና ገድል

ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው የሚናገረው ነገር ከሥነ ጽሑፍ ዘርፎች በየትኛው ይመደብ ብትሉኝ፣ ሳላመነታ ገድል ነው እላችኋለሁ። መኪናዋ ከአንድ እጅ አልወጣችም፤ ክፍለ አገር ሄዳ አታውቅም፤ ይነዳት የነበረው ዶክተር ነው (ዶክተር ያልነዳት የምትሸጥ መኪና አጋጥማችሁ ታውቃለች?)፤ ሞተሯ አልተከፈተም፤ ላሜራዋ ስቱኮ አያውቅም። ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ቀለሟ የፋብሪካው መሆኑ ይነገራችኋል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ባዝራ ናት አለች የተባለው ለመኪና ገበያ ሳይሆን አይቀርም።

ሳስተምር በነበረባቸው ዓመታት ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምለው ነገር ቢኖር «ተራኪውን ጠርጥሩ» ነበር። ማን ነው የሚተርክልህ? ምን ያውቃል? ብታምነው ምን ይጠቀማል? ክፍል ውስጥ ይኼ ጥያቄ ለፈተና ነው የሚሆነው። መኪና ተራ ግን ጉዳዩ ፍሬን ነው።

ሰሞኑን ተራኪው ሻጩ ያልሆነበት አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። የእህቴ ልጅ እንግሊዝ አገር፣ ከለንደን ወጣ ባለች ከተማ ይኖራል፤ ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን በመንከባከብ ነው የሚተዳደረው። አውቶቡስ በማይገኝበት ሰዓት ወደ ሥራ የሚሄድባት፣ ቅዳሜ ደግሞ ሚስቱንና የስምንት ወር ልጁን ይዞ የሚወጣባት አሮጌ መኪና ሊገዛ ነው። ያጠራቀማት ገንዘብ ሁለተኛ ሙከራ አትፈቅድም። «ጋሼ፣ እርስዎ ሰው የማያነበውን ማንበብ ይወዱ የለ፤ እስቲ ይኼን ይዩልኝ» ብሎ የሁለት መኪኖችን የምርመራ ታሪክ ላከልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሪታንያ ውስጥ አንድ የቤት መኪና 3 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ መንገድ ላይ ለመውጣት ብቁ መሆኑ በየዓመቱ ይመረመራል። ምርመራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን ያኔ የሚመለከተው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ነበር፤ ወደ 3 ዓመት የወረደው በ1967 ነው። ሰዉ «ኤም ኦ ቲ» ይለዋል፤ የትራንስፖርት ሚኒስቴር የሚለው የድሮ ስም ምሕፃረ ቃል ነው። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ከቀየረ ስንት ዘመኑ፣ ምርመራው ግን እስከ ዛሬ በሟች ስም ይጠራል። ከ2005 ወዲህ በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ የተደረጉት ምርመራዎች ውጤት በኮምፒውተር ተመዝግቦ ይገኛል። የታርጋ ቁጥሩን የያዘ ማንም ሰው፣ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ፣ አምስት ሳንቲም ሳይከፍል ያየዋል። የባለቤት ስም የለበትም። ቀኑ አለ፤ በዚያን ቀን ቆጣሪው ላይ የተነበበው ማይል አለ፤ አለፈ ወይም ወደቀ ይላል፤ ከወደቀ በምን እንደወደቀ፣ ካለፈም ምን መከታተል እንደሚያስፈልግ ይጽፋል።

አጻጻፉ ደረቅ ነው፤ ቅጽል አይወድም። እኛ ያደግንበት ቅኔ ቢፈለግ አይገኝበትም፤ ሰም የለው፣ ወርቅ የለው። ቢሆንም አንደኛዋን መኪና ሳነብ ከስንቱ ልቦለድ ያጣሁትን አገኘሁ። በመጀመሪያው ዓመት አልፋለች፤ ከሥሩ ግን ምክር ቢጤ አለ፦ የኋላ ፍሬን ቱቦ በመጠኑ ዝጓል። በሁለተኛው ዓመትም አልፋለች፦ የኋላ ፍሬን ቱቦ በመጠኑ ዝጓል። በሦስተኛው፦ የኋላ ፍሬን ቱቦ ዝጓል። አያችሁልኝ? «በመጠኑ» የምትለው ቃል ወደቀች። በአራተኛው ዓመት መኪናዋ ራሷ ወደቀች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ አለፈች።

ስሙ ያልተጠቀሰው ባለቤት እዚህ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬንህ እየዛገ ነው ተብሎ በጽሑፍ ሲነገረው፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ የሄደ ሰው ነው። ጎማውም ላይ ያው ነው፤ ጥርሱ ከሕጉ ወሰን፣ ከ1.6 ሚሊ ሜትር፣ በታች እስኪላጭ ነድቶታል። ለፍሬንና ለጎማ እንዲህ የሆነ ሰው፣ ማንም የማያይለትን የሞተር ዘይት በጊዜው ይቀይር ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አላምንም። ሻጩ ግን በማስታወቂያው «በደንብ የተያዘች» ብሏታል።

ማይሉም ያነጋግራል። በአንዱ ዓመት 11 ሺህ ጨምሮ በሚቀጥለው 400 ብቻ ጨመረ። ወይ መኪናዋ ቆማ ነበር፣ ወይ ቆጣሪውን የነካው ሰው አለ። ለነገሩ እዚህ ላይ በችኮላ አይፈረድም፤ መርማሪውም ሰው ነውና ቁጥር ሊያዛንፍ ይችላል። ሃያሲ ጽሑፍን ከዘመኑ ነጥሎ አያነብም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 ምርመራው ወራት ዘግይቶ ብታገኙት ባለቤቱን አትውቀሱት፤ በወረርሽኙ ምክንያት በዚያን የጸደይና የበጋ ወራት ቀናቸው ለደረሰ መኪኖች የ6 ወር ማራዘሚያ ተሰጥቶ ነበር። ከሜይ 2018 ወዲህ ደግሞ ጉድለቱ አደገኛ፣ ከባድና ቀላል እየተባለ ተከፍሏል፤ ከዚያ በፊት የነበረው መዝገብ ይህን አይለይም። ስለዚህ «አደገኛ» የሚለው ቃል በድሮዎቹ ዓመታት ስለሌለ መኪናዋ ያኔ ደህና ነበረች ማለት አይደለም።

ሁለተኛዋ መኪና በአምስት ምርመራ ሦስቴ ወድቃለች። ልጁ ፈርቷት ነበር። እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኳት። አንድ ዓመት የፊት ሞላ ተሰብሮ ወደቀች፤ በሌላው የፍሬን ሸራ አልቆ፤ በሌላው መብራት አልበራ ብሎ። እያንዳንዱ ጉድለት አንድ ጊዜ ተጠቅሶ ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት አይደገምም። ባለቤቷ የተነገረውን የሚሰማ ሰው ነው። «ይህችኛዋን ሂድና እያት» አልኩት። «ጋሼ፣ ሦስቴ የወደቀችውን?» አለኝ። አዎ፣ የወደቀችውን።

ይኼን ስል ጽሑፉን እንደ ወንጌል ተቀበሉት ማለቴ አይደለም። ምርመራው የሞተሩን፣ የፍሪሲዮኑንና የካምቢዮውን ይዞታ አይመለከትም፤ ገንዘብ የሚበላው ደግሞ እሱ ነው። ምስክርነቱ የአንድ ቀን ነው። መርማሪዎቹም በአብዛኛው ፈቃድ ያላቸው የግል ጋራዦች ናቸው፤ የሚመረምረው ጋራዥ ጠግኖም ይበላል። ያልነበረ ጉድለት አግኝቶ ሥራ ሊፈጥር፣ ወይም የነበረውን አላየሁም ብሎ ደንበኛ ሊያስደስት ይችላል። ስለዚህ ሦስት ዓመት ስትመከር የኖረች መኪና፣ ለሽያጭ ስትቀርብ ያለ አንዲት ምክር ካለፈች፣ የጥገናውን ደረሰኝ መጠየቅ ነው። ልጁ የአንደኛዋን ሻጭ የፍሬን ቱቦው የተቀየረበትን ደረሰኝ ጠይቆት «አልፋለች አይደል እንዴ፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ተብሏል። ሁለተኛዋን በመካኒክ አስፈትሾ ገዛት።

የእኛ አገር ገዢስ የሚያነበው ምንድን ነው? ቦሎ ነው። መስታወቷ ላይ የተለጠፈው ቦሎ ዘንድሮ ማለፏን ይነግረኛል። በስንተኛው ሙከራ እንዳለፈች፣ ያን ቀን ቆጣሪዋ ስንት ላይ እንደነበረ፣ አምና ምን ተብላ እንደነበረ ግን ከእሱ ላይ አላነብም። ማኅተሙ አለ፣ ደብዳቤው የለም። ገዢው መካኒክ ይዞ ሄዶ ጉድጓድ ላይ ያወጣታል፤ መካኒኩ ጎንበስ ቀና ብሎ ዛሬን ያያል፣ ትናንትን ከየት ያምጣው? በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ፣ ከተማው ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ከእጅ ወደ እጅ ነው የምትዞረው። እጅ በተለወጠ ቁጥር ገድሏ ይጨምራል።

ታዲያ ለገዢ የራሱን መኪና ጉድለት ማን ያሳያል? የሚለኝ አይጠፋም። አምና የራሴን አሮጌ መኪና ስሸጥ የምርመራ ወረቀቶቿንና የጋራዥ ደረሰኞቿን በአንድ ፖስታ ይዤ ቀረብኩ። ደላላው ፖስታውን ከፍቶ ሲያይ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ይኼንማ ይደብቁት! ዋጋ ይሰብራል» አለኝ በሹክሹክታ። ገዢዋ ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ነበረች። ጋቢና ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አነበበች። ከወጣች በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሪው የተሠራበት ደረሰኝ የቱ ነው? አወጣሁላት። ለኋላው ሾክ ጥቂት ሺህ ብር ቀንስልኝ አለች፤ ቀነስኩላት። ተፈራርመን ስናበቃ ቁልፉን ከመቀበሏ በፊት ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደላላው ግን በፖስታዬ ምክንያት የቀነሰችበትን ኮሚሽን እንድክሰው ሲከራከረኝ አመሸ።