ክራር የሚመታ እጅና ቴኳንዶ

ክራር ሲመታ ሰው የሚያየው አውታሮቹን የሚገርፈውን ቀኝ እጅ ነው። ግራው ከአውታሮቹ ጀርባ ተደብቆ፣ የማይፈለገውን ድምፅ በጣቶቹ እያፈነ የሚፈለገውን ብቻ ይለቃል። ይህን ሁሉ የሚሠራው አንጓው ታጥፎ ነው። በባህል ምሽት ቤት ሲጫወት ያመሸ ሰው ጠዋት አውራ ጣቱ ሥር የሚሰማውን ሕመም ከየት እንዳመጣው አይጠፋውም።

ቴኳንዶ የጀመርኩት ከዚህ ሕመም ጋር ነው። ወዳጆቼ «እጅህን ልትጨርሰው ነው?» ብለው ደነገጡ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ግን የፍልሚያ ስፖርት ሁሉ እጅን እኩል አያደክምም። በቦክስ የጡጫው ጉልበት በሙሉ በአንጓ በኩል ያልፋል፣ ፋሻውም ጫናውን ቢቀንስ እንጂ አያስቀረውም። ጁዶ ደግሞ የባላጋራን ልብስ ጨምድዶ መያዝ ይጠይቃል፤ ይህ ቀኑን ሙሉ ክራር ለያዙ ጣቶች ተጨማሪ ሥራ ነው። ቴኳንዶ ግን በእግር ያምናል። በኦሎምፒኩ ስልት ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፤ ደረት ላይ ያረፈ ቡጢ 1 ነጥብ ሲያስገኝ፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ እርግጫ ቢያንስ 3 ያስገኛል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው አይቲኤፍ የተባለው ሌላ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን ግን ፊትን በቡጢ መምታት ይፈቅዳል። ሁለቱም እዚህ አገር ስለሚሰጡ፣ ስልጠና ቤቱ የትኛውን እንደሚያስተምር አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ወለሉ ነው። መዳፍን ዘርግቶ ፑሽ አፕ ሲሠራ አንጓ ወደ ኋላ ታጥፎ የሰውነት ክብደት ይጫነዋል። በቡጢ ሲሠራ ግን አንጓው ቀጥ ይላል፤ እኔም የምሠራው እንደዚያ ነው። ከዚህ የሚከፋው አወዳደቅ ነው። የሚወድቅ ሰው ሳያስበው እጁን ይዘረጋል፤ ያን ጊዜ ከአውራ ጣት በታች ያለችው ትንሽ አጥንት ልትሰበር ትችላለች። የደም አቅርቦቷ ደካማ ስለሆነ ቶሎ አትድንም፣ ስብራቷም በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ወድቆ ያመመው ሰው በወጌሻ ከመታሸቱ በፊት ሐኪም ይየው።

ማስተራችን በዕድሜ ያንሰኛል። አወዳደቅ ሲያለማምደኝ «ጋሼ፣ እጅዎ መሬቱን አይፈልገው! አገጭዎን ደረትዎ ላይ፣ ጀርባዎን ክብ!» ይለኛል። ፍራሹን የሚመታው ከክርን እስከ መዳፍ ያለው ክንድ በአንድ ጊዜ ነው፤ መዳፍ ብቻውን ቀድሞ አይደርስም።

ለሙያዬ የጠቀመኝ ግን ትከሻዬ ነው። ቴኳንዶ ትከሻ ወርዶ፣ ምት ሲሰነዘር ትንፋሽ ወጥቶ ነው የሚሠራው። ክራር ይዤ ስቀመጥ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ እንደሚወጣና ውጥረቱ በክንዴ ወርዶ አንጓዬ ላይ እንደሚያርፍ ያስተዋልኩት እዚያ ነው። አሁን ፈጣን ግርፍ ከመጀመሬ በፊት አስወጥቼ እተነፍሳለሁ። ሕመሙ አልጠፋም፤ እጄ ግን ቀድሞ ከሚደክምበት ሰዓት በላይ ይቆያል።

ጣውላ በእጅ መስበርን ትቼዋለሁ፤ ሙዚቀኛ ሁሉ እንዲተወውም እመክራለሁ። ቀበቶ ለመቀየር ከተጠየቀ በእግር ይሰበር። ሌሊት አውራ ጣታችሁ፣ ጠቋሚያችሁና መሐል ጣታችሁ የሚደነዝዝባችሁ ደግሞ ነርቭ ተጨቁኖ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ያላችሁንም ሕመም ለአሠልጣኛችሁ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት።