ከጾም ድስት የሚወጣ መጽሐፍ

የሽምብራ ዓሣ ከመቅመስ በፊት መታየት አለበት። ሊጡ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከደቀቀ ሽንኩርትና ከጥቂት ውሃ የታሸ ነው፤ እጅ ላይ እንዳይጣበቅ ጠንከር፣ ሲዳመጥ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ ለስለስ ማለት ይኖርበታል። ባለሙያዋ ስስ አድርጋ ትዳምጠውና በቢላ የዓሣ ቅርጽ ታወጣለታለች። ጅራቱን ትከፍታለች፣ ጎኑን ቅርፊት እንዲመስል ጫር ጫር ታደርገዋለች። ከዚያ ጠበስ ይልና ቁሌቱ ሲደርስ ይገባበታል። ያ ጭረት ለዓይን ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ቁሌቱ የሚገባው በዚያ ነው። ሥጋም ዓሣም በማይቀርብበት ወቅት ለቤተሰቧ ይህን ያህል የምትደክም ሴት፣ ጾም ማለት መጎዳት ነው ብላ አታምንም።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ማእድ ቤቱ የዓመቱን ግማሽ በክልከላ ውስጥ ያሳልፋል። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀን፣ ካህን ደግሞ እስከ 250 ቀን ይጾማል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል በእነዚህ ቀናት ከቤት ይወጣሉ። ስለዚህ ሐኪም «ይህን አትብላ» ያለው ሰው፣ ወይም ለእንዲህ ያለ ሰው የምታበስል እናት፣ ከምግብ መጽሐፍ ምን እንደምትፈልግ ለማወቅ እኔ የምሄደው ወደዚህ ማእድ ቤት ነው።

ቁሌቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ሽንኩርቱ ደቆ ይከተፍና ያለ ዘይት ደረቅ ድስት ውስጥ ይገባል። ራሱ ባወጣው ውሃ ይቁላላል፤ ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያለ ሙቅ ውሃ ይታከልበታል። ቅርጹን አጥቶ እስኪላቁጥ የታገሠች ሴት ኋላ ብዙ ዘይት አያስፈልጋትም፤ ወጡን የሚያወፍርላት ሽንኩርቱ ነው። ዘይት ቀንስ የተባለ ሰው ከመጽሐፍ ማግኘት ያለበት ይህንን ነው። «ዘይቱን በግማሽ ቀንሱ» የምትል አንዲት መስመር የምትሰጠው ቀጭን ወጥ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ወጥ ደግሞ ታማሚው ሁለት ቀን በልቶ ይተወዋል።

ቅቤም እንደዚሁ ነው። ቅቤ ወጥ ውስጥ ሲገባ በርበሬውን ያቀላል፣ ወጡን ያለሰልሳል፣ ሲነጠር የገቡበትን የኮሰረት፣ የኮረሪማና የአብሽ መዓዛ ይዞ ይመጣል። የጾም ባለሙያ ቅቤውን አውጥታ ቦታውን ባዶ አትተወውም። መዓዛውን ዘይት በኮሰረትና በኮረሪማ አንጥራ ታመጣዋለች። ልስላሴውን ከሱፍ ወይም ከኑግ ታገኘዋለች። ኑጉን ስታምስ ከምጣዱ አጠገብ አትነሣም፤ እሳቱ ጥቂት ካለፈበት ይመራል። ከዚያ ዘይቱ ወጥቶ እርስ በርሱ እስኪያያዝ ትወቅጠዋለች፣ በውሃ በጥብጣ ታጠልለዋለች። ሱፉን ቀቅላ፣ ወቅጣ፣ አጥልላ የምታወጣው ነጭ ፈሳሽ ወተት ለተከለከለ ሆድ ወተት ይሆናል። ስልጆ ላይ ስትደርስ ደግሞ የባቄላውን ዱቄት በዚሁ የሱፍ ውሃ ታበስለዋለች፤ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ትጨምርበታለች፤ ከድና ለቀናት ትተወዋለች። እርጎ የሚሰጠውን ኮምጣጣ ጣዕም ያለ ላም የሰጠ ምግብ ነው።

ምራት ወይም ልጅ አጠገቧ ቆማ «እማዬ፣ ስንት ማንኪያ ነው?» ብትላት «እሱ ራሱ ይነግርሻል» ነው የምትላት። እውነቷን ነው፤ ሽታው፣ ድምፁ፣ ዘይቱ ወደ ላይ መውጣቱ ይነግራታል። ነገር ግን የስኳር ሕመም ላለበት ሰው፣ የእንጀራውንና የክኩን ልክ ማወቅ ላለበት፣ ይህ መልስ አይበቃም። ጥሩ መጽሐፍ ሁለቱንም አንድ ገጽ ላይ ያኖራል፤ ግራሙንም ይጽፋል፣ ሽታውንም ይነግራል።

ይህ ማእድ ቤት ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዕቃው ይታጠባል፤ ቅቤ የነካው ድስትና ማማሰያ የጾም ወጥ አይነካም። ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀቱን የሚጎዳው ሰው በሌላው ዓለም ቤተሰቡን ለማስረዳት የሚቸገረው ይህችኑ ነገር ነው፤ አንድ ማንኪያ እንኳ ችግር እንደሚያመጣ። ጎጃም ውስጥ ይህን ከባዶ ማስተማር አያስፈልግም። «የጾሙን ያህል ተጠንቀቁለት» ማለት ይበቃል። ለአማርኛ አንባቢ የሚጻፍ መጽሐፍ በዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ መጽሐፉ የማይታየውን መግለጥ አለበት፤ እዚህ ላይ ብዙ ደራሲዎች ቸኩለው ያልፋሉ። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ ግሉተን የለባቸውም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በቆሎ በብዛት ስለሚመረት የእንጀራው ዱቄት ብዙ ጊዜ የጤፍ፣ የበቆሎና የዳጉሳ ቅልቅል ነው፤ ግሉተን ለማይስማማው ሰው ይህ መልካም ነው። ገብስ ወይም ስንዴ ከገባበት ግን ነገሩ ተበላሸ፤ ተጋግሮ የቀረበ እንጀራ ደግሞ በዓይን አይለይም። ወፍጮ ቤት ከፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከነበረ ቅሪቱ በጤፉ ውስጥ ይገባል። ባለፈው ስንዴ ተቀላቅሎበት ከተቦካ ሊጥ የተቀመጠ እርሾም ግሉተኑን ይዞ ይመጣል። ጠላው ብቅል አለው፤ ብቅሉ የገብስ ነው ወይስ የዳጉሳ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምጣዱ የሚታሰስበት የጎመን ዘር እንኳ ከሰናፍጭ ጋር የሚዛመድ ስለሆነ፣ ሰናፍጭ የማይስማማው ሰው ሊያውቀው ይገባል። አንድም የእንጀራ አሠራር እርሾውን፣ ወፍጮውንና ማሰሻውን ሳይጠቅስ «ከግሉተን ነፃ» ብሎ ሊጽፍ አይገባም ባይ ነኝ።

ሽሮ ላይ ደግሞ ነገሩ ጨው ነው። እህሉ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው በሰፌድ ተነፍሶ፣ ከበርበሬው፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከኮረሪማው፣ ከአዝሙዱና ከበሶብላው ጋር ይመጠናል፤ የቡሬ አካባቢ በርበሬም ለዚህ የታወቀ ነው። ብዙ ቤት ጨውም አብሮ ይገባና ሁሉም አንድ ላይ ይፈጫል። አንዴ ከተፈጨ ጨውን ከሽሮ ማውጣት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ደም ግፊት ያለበት አባወራ ግን ወጡ ድስት ውስጥ ሳይገባ ገና ከወፍጮ ቤት የጨው ድርሻውን ተቀብሏል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሽሮው ያለ ጨው ይመጠንና ጨው በየሳህኑ ይግባ። በርበሬ ለማይችል ጨጓራም ነጭ ሽሮ ከጥንትም አለ። እህሉም በስሙ ይጻፍ፤ «ሽሮ» ብቻ ተብሎ አይታለፍ። አተር፣ ባቄላና ሽምብራ አንድ ነገር ናቸው፤ ጓያ ሌላ ነው። በችግር ጊዜ ለብዙ ሳምንታት እየደጋገሙ ሲበሉት እግር ያሽመደምዳል፤ ሽባነቱም አይድንም። መዘፍዘፍና የተዘፈዘፈበትን ውሃ መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

የተጻፈ ሥራ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። ዳንኤል ጆቴ መስፍን በእንግሊዝኛ ያዘጋጀውና በ1993 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ የወጣው የኢትዮጵያ ምግብ መጽሐፍ 178 የተሞከሩ አሠራሮችን ከምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ጋር አቅርቧል። ሠንጠረዥ ማስገባቱ ብቻ ደራሲው አንባቢውን ምን ያህል እንዳከበረ ያሳያል፤ ልኩን የሚቆጥር ሰው እንዳለ አስቧል። አሜሪካዊቷ ኪቲ በርንስ በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር ለማይበሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ የኢትዮጵያን የጾም ምግብ ለባዕድ ማእድ ቤት አድርሶታል። የባዕድ አገር ሰው ከእኛ ድስት ይህን ያህል ካገኘ፣ ድስቱ ያለበት አገር አንባቢ ይህን በራሱ ቋንቋ ማግኘት መብቱ ነው።

ጥበቡ የማይሸፍነውንም መጽሐፉ በግልጽ ይበል። ክኩና እንጀራው አንዱ የሌላውን ፕሮቲን ይሞላል፤ መቡካት ብረቱን ለሰውነት ያቀርባል፤ ዳጉሳ ካልሲየም አለው። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። ጾም ሲፈታ ይመለሳል፤ ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ምንም የማይበላ ሰው ግን ከሌላ መንገድ መውሰድ አለበት። ይህን የሚናገር ገጽ ባለሙያዋን አያሳንሳትም።

እንግዲህ የምግብ መጽሐፍ ልትጽፉ ያሰባችሁ፣ በሚመጣው ዐቢይ ጾም ሚዛንና ደብተር ይዛችሁ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ግቡ። ከባለሙያዋ አጠገብ ተቀመጡ፤ እፍኟን መዝኑ፣ «እሱ ራሱ ይነግርሻል» ስትል ምን እንደሰማች ጠይቋት። እያንዳንዱ ነገር ድስት ውስጥ ለምን እንደገባና ቢወጣ ምን እንደሚተካው እንድትነግራችሁ አድርጉ። ሲታተምም፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ ስሟን ሽፋኑ ላይ ከስማችሁ ጎን አስፍሩላት።