የጦር ወንጀለኞችን ፊርማ ስለ መሰብሰብ

ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ መሰብሰብ ይወዳል። ሕፃን ጠጠር፣ ተማሪ ቴምብር፣ ጐልማሳ ገንዘብ፣ ሽማግሌ ትዝታ ይሰበስባል። መሰብሰብ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሰብሳቢዎች ባይኖሩ ኖሮ ቤተ መጻሕፍትም ቤተ መዘክርም ባልኖሩን ነበር። ነገር ግን ሰው ዘወትር በእጁ የሚዳብሰውን ነገር ቀስ በቀስ መውደዱ አይቀርም። ስለዚህ «ምን ልሰብስብ?» የሚለው ጥያቄ የጨዋታ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የግብረ ገብነት ጥያቄም ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ብዙ ዓመት በባሕር ማዶ ኖሮ ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ አንድ አልበም ይዞ ነበር። በውስጡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጦር ወንጀል ተከሰው ለፍርድ የቀረቡ የጦር ሹማምንት ፊርማ፣ እያንዳንዱ ስምና ማዕርግ ተጽፎበት ተሰልፏል። ከእነዚህም አንዱ የጀርመን ባሕር ኀይል አዛዥ የነበረው የካርል ዶኒትዝ ነው። «ይንኩት ጋሼ፤ ራሱ በእጁ የጻፈው ነው» አለኝ። እኔም ነካሁት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ በመጽሐፍ ብቻ የማውቀው ታሪክ ከጣቴ ሥር የገባ መስሎ ተሰማኝ። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን ያ ደስታዬ አሳፈረኝ። «ምን ይመስልዎታል?» ብሎ ለጠየቀኝ ጥያቄ ያን ቀን መልስ አላገኘሁለትም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሴ ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን አመጣጥ እንመልከት። የኤውሮፓን ታሪክ በተመለከተ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው። በኖቬምበር 1945 በኑርንበርግ ከተማ የአራቱ ድል አድራጊ መንግሥታት ፍርድ ቤት ተከፈተ። ፍርድ የተሰጠባቸው ሰዎች 22 ሲሆኑ፣ ከነዚህ አንዱ በሌለበት ተፈረደበት። በኦክቶበር 1 ቀን 1946 አሥራ ሁለቱ ሞት፣ ሰባቱ እስራት ተፈረደባቸው፤ ሦስቱ በነጻ ተለቀቁ። እስረኞቹን የሚጠብቁት አብዛኞቹ ወጣት አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። ከነዚህም ብዙዎቹ ወረቀት ወይም ፎቶግራፍ፣ አንዳንዶቹም የገንዘብ ኖት ሳይቀር እያቀረቡ እስረኞቹን ያስፈርሙ ነበር። ቀን በአዳራሹ የሚሊዮኖች እልቂት ሲነበብባቸው የዋሉ ሰዎች፣ ማታ እንደ ዝነኛ ተዋናይ ፊርማቸው ይለመን ነበር ማለት ነው።

ይህ ልማድ ምን ያህል ሊያደናግር እንደሚችል ከኸርማን ጐሪንግ ታሪክ እንረዳለን። ጐሪንግ ሊሰቀል ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ በኦክቶበር 15 ቀን 1946 ሌሊት፣ መርዝ ጠጥቶ ሞተ። መርዙ እንዴት ከእጁ እንደ ገባ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ነገር ግን በእስር ቤቱ ከነበሩት መኰንኖች አንዱ ከጐሪንግ ስጦታ ተቀብሎ ስለ ነበር ጥርጣሬው ከእርሱ ላይ አልወረደም። በደለኛ ይሁን አይሁን እኔ አልፈርድም። ይሁን እንጂ ጠባቂ ከእስረኛው መታሰቢያ ሲቀበል ጠባቂነቱ እንደሚላላ ማንም ያስተውላል።

ከፍርዱ በኋላም ነገሩ አልቆመም። ዶኒትዝ የተፈረደበትን አሥር ዓመት ጨርሶ በ1956 ከሽፓንዳው እስር ቤት ወጣ፤ በሐምቡርግ አጠገብ በአውሚውለ መንደር ተቀምጦ በ1980 ሞተ። በነዚህ ዓመታት ከልዩ ልዩ አገር ለሚጽፉለት ሰዎች መልስ ይሰጥ፣ ፎቶግራፉንም እየፈረመ ይልክ ነበር። በተማሪዬ አልበም ውስጥ ያለውም ፊርማ ከዚያ ዘመን የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ሰብሳቢዎች የሚሰጡትን ምክንያት ሳንሰማ መንቀፍ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የመጀመሪያው ምክንያታቸው «ታሪክን እንጠብቃለን» የሚል ነው። አገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ትላለችና ይህ ምክንያት ቀላል አይደለም። ነገር ግን አልበሙ የሚጠብቀው የትኛውን ታሪክ ነው?

የፊልድ ማርሻል ዊልሄልም ካይተልን ፊርማ ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። ካይተል የጀርመን ጦር ኀይሎች ጠቅላይ መምሪያ አለቃ ነበር። በሴፕቴምበር 16 ቀን 1941 በወጣው ትእዛዝ፣ በተያዙት አገሮች ስለሚገደል አንድ የጀርመን ወታደር ከ50 እስከ 100 ኮሚኒስቶች ቢገደሉ ተገቢ ነው ተባለ፤ በግርጌው የካይተል ፊርማ አለ። በዚያው ወር የስለላ ክፍል አለቃ የነበረው አድሚራል ካናሪስ፣ በሶቪየት ምርኮኞች ላይ የሚደረገው ከጦር ሕግ ውጭ መሆኑን ገልጾ በጽሑፍ ተቃወመ። ካይተልም በተቃውሞው ወረቀት ላይ በእጁ ጻፈበት፤ የቃሉም ፍሬ ነገር ይህ ተቃውሞ የጨዋ ወታደር አሳብ ነው፣ እዚህ የተያዘው ግን አንድን ፍልስፍና መደምሰስ ስለ ሆነ ርምጃውን እደግፋለሁ የሚል ነበር። በዚያ ጦርነት 3 ሚሊዮን ያህል የሶቪየት ምርኮኞች በጀርመኖች እጅ በረኃብ፣ በብርድና በጥይት አለቁ።

በዲሴምበር 7 ቀን 1941 ደግሞ «ሌሊትና ጭጋግ» የተባለው ትእዛዝ በካይተል ፊርማ ወጣ። በዚህ ትእዛዝ መሠረት በፈረንሳይ፣ በቤልጅግ፣ በሆላንድና በኖርዌይ በተቃዋሚነት የተጠረጠረ ሰው በስውር ወደ ጀርመን ይወሰዳል፤ ለሚስቱም ለእናቱም ይሙት ይኑር የሚነግራቸው አይኖርም። እነሆ፣ የዚህ ፊርማ ሥራ የሌሎችን ሰዎች ስም ማጥፋት ነበር። ዛሬ የጠፋው ሰው ስም ሳይሆን ያጠፋው ሰው ስም በአልበም ውስጥ አቧራ እንዳይነካው ተሸፍኖ ተቀምጧል።

ፍርድ ቤቱ እነዚህን ወረቀቶች አንድ ባንድ ለካይተል አሳየው፤ እርሱም ፊርማውን አልካደም። በመጨረሻው ቃሉ አምኖ እንደ ተሳሳተ፣ መከልከል የሚገባውንም ለመከልከል እንዳልቻለ ተናግሮ፣ ጥፋቴ ይህ ነው ብሎ አመነ። ፊርማ ማለት እንዲህ ነው። «ይህን የፈቀድሁ እኔ ነኝ፤ እጠየቅበታለሁ» የሚል ቃል ኪዳን ነው። የኑርንበርግ መዝገብ ዛሬ በሄግ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ተጠብቆ ይገኛል። በመዝገብ ውስጥ ፊርማው ከትእዛዙ ሥር እንዳለ ነው፤ የሚያየው ሁሉ ሰውየው ምን እንደ ሠራ አብሮ ያነባል። በአልበም ውስጥ ግን ፊርማው ከሥራው ተለይቷል፤ ቀለሙና የእጁ አጣጣል ብቻ ቀርቷል። ይህ ታሪክን መጠበቅ ሳይሆን ታሪኩን ከስሙ ላይ መላጥ ነው።

የሰብሳቢዎች ሁለተኛ ምክንያት «እነዚህ ሰዎች ወታደሮች ነበሩ፤ የታዘዙትን ፈጸሙ፤ እኛም ጀግንነታቸውን እንጂ ክፋታቸውን አናከብርም» የሚል ነው። የፍርድ ቤቱ ሕግ ግን የአለቃ ትእዛዝ ቅጣት ሊያቀልል ይችል እንደ ሆነ እንጂ ከኀላፊነት ነጻ እንደማያወጣ አስቀድሞ ደንግጎ ነበር። ደግሞስ ካናሪስ ወታደር አልነበረምን? እርሱም አለቃ ነበረው፤ እርሱም ፈርሟል። የእርሱ ፊርማ ያለው ግን ከተቃውሞ ሥር ነው። ካናሪስ ንጹሕ ሰው ነበር አልልም፤ ለሒትለር መንግሥት ብዙ ዘመን አገልግሏል። ነገር ግን በሒትለር ላይ ካደሙት ጋር ተቈጥሮ በኤፕሪል 1945 ተሰቀለ። ወታደርነት እጅን ያስራል የሚል ሁሉ ሁለቱን ስሞች በዚያች አንዲት ወረቀት ላይ ጐን ለጐን ይመልከት።

ሦስተኛው ምክንያት «ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም» የሚል ነው። ይህስ እውነት ነው፤ ፍርድ ቤቱም ይህን አውቆ እያንዳንዱን ለየብቻው መዝኗል። ዶኒትዝን በውሳኔው ጊዜ በሰርጓጅ መርከቦች ጦርነት ሕግ መጣሱን ለቅጣቱ መሠረት አላደረገበትም፤ እንግሊዞችና አሜሪካውያንም ተመሳሳይ ነገር ማድረጋቸው ተመስክሮ ነበርና። ይሁን እንጂ በ1942 ከሰጠሙ መርከቦች የተረፉ ሰዎችን ለማዳን እንዳይሞከር ያስተላለፈውን ትእዛዝ አጥብቆ ነቅፎታል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያለበት ሚዛን ከዳኛ እንጂ ከአልበም አይገኝም። በአልበም ውስጥ ነጻ የወጣውም፣ የታሰረውም፣ የተሰቀለውም በአንድ ረድፍ ይቆማሉ፤ ዋጋቸውን የሚለየው የፊርማው ብርቅነትና የፈላጊው ብዛት ነው። የወንጀል ክብደት ለገበያ ማድመቂያ ሲሆን፣ ኅሊና ያለው ሰው ሊደነግጥ ይገባዋል።

መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ወጣት የናቡቴን ታሪክ ያስታውሳል። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ተመኘ፤ ኤልዛቤል በአክዓብ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አተመችበት፤ ናቡቴም በሐሰት ምስክር ተፈርዶበት በድንጋይ ተወገረ። ኤልዛቤል ድንጋይ አላነሣችም፤ አክዓብም አላነሣም። የገደለው ማኅተም ነው። ያ ማኅተም ዛሬ ቢገኝ ሊቃውንት በቤተ መዘክር ያኖሩት ነበር፤ መልካምም ባደረጉ። ነገር ግን አንድ ሰው በጣቱ ላይ ቀለበት አድርጎት ለእንግዳ እያሳየ ቢኰራበት ስለ ናቡቴ ምን አስቧል እንላለን?

ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውን ፍጅት፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ የተፈጸመውን ግድያ እናውቃለን። ግራዚያኒ ወደ ሮማ ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን፣ በኋላም 129 ዲያቆናት መጨመራቸውን አስታውቋል፤ በኋላ ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ቍጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ገልጸዋል። ከነጻነት በኋላ መንግሥታችን እነዚህን ቴሌግራሞች ሰብስቦ አሳተመ፤ አሥር ኢጣልያውያንንም፣ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ፣ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበ። ኮሚሽኑም በ1948 ክሱን ተቀበለ። ሆኖም አንዱም በኢትዮጵያ ስለ ሠራው ግፍ ለፍርድ አልቆመም። ግራዚያኒ በ1950 የ19 ዓመት እስራት የፈረደበት የአገሩ ፍርድ ቤት ነው፤ ያውም ከጀርመኖች ጋር ስለ መተባበሩ ነው፤ በጥቂት ወራትም ተፈታ። በ2012 ደግሞ አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ የመታሰቢያ ሕንጻ ተሠራለት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

እኛ ቴሌግራሙን የሰበሰብነው ለፍርድ ነበር፤ ፍርዱም ቀረብን። የኑርንበርግ ሰብሳቢ ደግሞ ፍርድ ከተሰጠበት ወረቀት ላይ ፍርዱን አንሥቶ ስሙን ብቻ ያስቀራል። ተማሪዬ የግራዚያኒን ፊርማ ገዝቶ ቢያመጣልኝ ኖሮ በደስታ እነካው ነበርን? አልነካውም። እንግዲያስ የዶኒትዝን ስነካ ደስ ያለኝ የሞቱት የእኔ ወገኖች ስላልነበሩ ብቻ ነው። ያሳፈረኝ ነገር ይኸው ነው።

ልጄ ሆይ፣ አልበሙን አቃጥለው አልልህም። ወረቀት ማቃጠል የእነርሱ ልማድ ነበር። ነገር ግን በእያንዳንዱ ፊርማ አጠገብ ያ እጅ ከፈረማቸው ትእዛዞች አንዱን ገልብጠህ አስቀምጥ፤ በትእዛዙም ከጠፉት ሰዎች የአንዱን ስም ፈልገህ ጻፍበት። ሥራው አድካሚ ነው፤ የጠፉት ስማቸው እንዲጠፋ ተደርጓልና። ይህን ለመሥራት ትዕግሥት ካለህ አልበምህ መዝገብ ይሆናል፤ ከሌለህ ግን ለሚመረምሩት ሰዎች ለቤተ መዛግብት ስጠው።

እናንተም ወጣት አንባቢዎች፣ ከትምህርት ቤት ስትወጡ በየመሥሪያ ቤቱ ትፈርማላችሁ፤ የደመወዝ ወረቀት፣ የክስ ወረቀት፣ ሰውን ከሥራ የሚያስወጣ ወይም ከቤቱ የሚያፈናቅል ደብዳቤ ከፊታችሁ ይቀርባል። ብዙ ዘመን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ልጆች ስማቸውን እንዲጽፉ አስተምሬአለሁ፤ ሁሉም ፊርማውን ማሳመር ይወድ ነበር። ከፊርማው በላይ ያለውን እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ግን አጥብቄ ያስተማርሁት ስንቱን እንደ ሆነ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።