ጽዋው ያልደረሰበት ቤት፦ የዓለም አቀፉን የሙዚየም ትርጉም ማንበብ

ኦገስት 24 ቀን 2022 ፕራግ ላይ በተካሄደ ስብሰባ፣ ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት (አይኮም) “ሙዚየም ምንድን ነው?” ለሚለው ጥያቄ አዲስ መልስ አጸደቀ። ከመረጡት 92.41 በመቶው ደገፉት። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ጉባኤ ሒስ አይጻፍበትም፤ ቢበዛ ዜና ይሠራበታል። የዚህ ጉባኤ ትልቁ ውጤት ግን ሕንፃ ወይም ገንዘብ ሳይሆን አንድ አጭር አንቀጽ ነው። አንቀጽ ደግሞ ይነበባል፣ ይተቻል። እኔ ሙዚየም ውስጥ አልሠራም፤ ሶፍትዌር ነው የምጽፈው። በእኛ ሥራ ኮድ ከመጻፉ በፊት “ይህ ነገር ምን ማድረግ አለበት?” የሚል ሰነድ ይጻፋል። ሰነዱ ልል ከሆነ ሥራው ሁሉ ልል ይሆናል። የአይኮምን አንቀጽ ያነበብኩት እንደዚያ ዓይነት ሰነድ ነው።

በራሴ አማርኛ ሐሳቡ ይህን ይመስላል፦ ሙዚየም ለትርፍ ያልቆመ፣ ቋሚ፣ ኅብረተሰብን የሚያገለግል ተቋም ነው። የሚዳሰስና የማይዳሰስ ቅርስ ያጠናል፣ ይሰበስባል፣ ይጠብቃል፣ ይተረጉማል፣ ለእይታ ያቀርባል። ለሕዝብ ክፍት፣ ተደራሽና አካታች ሆኖ ብዝኃነትንና ዘላቂነትን ያበረታታል። በሥነ ምግባር፣ በሙያና በማኅበረሰቦች ተሳትፎ ይሠራል፤ ለትምህርት፣ ለደስታ፣ ለማሰላሰልና ዕውቀት ለመጋራት የተለያዩ ተሞክሮዎችን ይሰጣል።

ማን ይቃወመዋል? ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ኪዮቶ ላይ የቀረበው ረቂቅ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። በዴንማርካዊቷ የሙዚየም ባለሙያ ዬተ ሳንዳል የተመራው ኮሚቴ ሙዚየምን ዴሞክራሲ የሚያሰፍን፣ ብዙ ድምፅ የሚሰማበት፣ ስለ ትናንትና ስለ ነገ የሚሟገቱበት ቦታ አድርጎ ገለጸው። ስለ ሰብዓዊ ክብር፣ ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ፣ ስለ ምድር ደኅንነት ሳይቀር አነሳ። ተቃዋሚዎቹ “ይህ መፈክር እንጂ ትርጉም አይደለም፤ ‘ትምህርት’ የሚለው ቃል የት ገባ? ‘ተቋም’ የሚለውስ?” አሉ። ሴፕቴምበር 2019 ላይ 70 በመቶ ያህሉ ድምፅ አሰጣጡ ይተላለፍ ብለው ወሰኑ። ጭቅጭቁ ቀጠለ፤ በ2020 የአይኮም ፕሬዚዳንት ሱዋይ አክሶይ ኃላፊነታቸውን ለቀቁ፣ ሳንዳልም ከኮሚቴው ወጡ።

የኪዮቶው ረቂቅ ቋንቋው ከባድ ነበር፤ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ነበረው። ሙዚየሞች ለሰዎች ሁሉ የቅርስ እኩል መብትና እኩል ተደራሽነት “ዋስትና ይሰጣሉ” ይል ነበር። ይህ ሊፈተን የሚችል ዓረፍተ ነገር ነው። “ዋስትና ሰጥተሃል፤ የታል?” ተብሎ ይጠየቃል። የፕራጉ ግን “ያበረታታል” ይላል። የሚያበረታታ ሰው ደግሞ ምንም ባይሳካለት አልወደቀም። በእኛ ሙያ ሊወድቅ የማይችል ቴስት ቴስት አይባልም፤ ምን ቢበላሽ ሁልጊዜ አረንጓዴ ያበራልና።

እስቲ እኛ በምናውቃቸው ጉዳዮች እንፈትነው።

አንደኛ፦ ታቦቶቹ። የብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦቶች ይዟል፤ አብዛኞቹ የእንግሊዝ ጦር በ1868 መቅደላን ከወረረ በኋላ የተወሰዱ ናቸው። ለእይታ ቀርበው አያውቁም። ሙዚየሙ ቅድስናቸውን አክብሮ የራሱ ሠራተኞች እንኳ እንዳያዩዋቸው አድርጎ ለብቻ አስቀምጧቸዋል። አሁን ትርጉሙን እናሂደው። ያጠናል? አይችልም፤ የሚያያቸው የለም። ለእይታ ያቀርባል? አያቀርብም። ይተረጉማል? ምኑን? ለደስታና ለማሰላሰል? ለማን? ከተዘረዘሩት ግሦች ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ፦ ሰብስቧል፣ ጠብቋል። ለአንድ መጋዘንም ያንኑ ማለት ይቻላል።

ነገሩን ይበልጥ የሚገርመው ሙዚየሙ ያደረገው ነገር ስህተት አለመሆኑ ነው። ታቦት አይታይም። ስለዚህ ሙዚየሙ ታቦቱን በትክክል ለመያዝ ሙዚየም መሆኑን ማቆም፣ ሳያስበው መቅደስ መሆን ነበረበት፤ ካህን የሌለው፣ ቅዳሴ የማይቀደስበት፣ ጥር ሲመጣ የማይወጣ መቅደስ። አንድን ዕቃ በሥርዓቱ ለመያዝ የራስህን ትርጉም መጣስ ካለብህ፣ ዕቃው እዚያ ቤት ምን ይሠራል? የፕራጉ አንቀጽ ይህን ጥያቄ አያነሳም። “መመለስ” የሚል ግሥ የለውም።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ “በሥነ ምግባር” የምትለዋ ቃል ወደ ሌላ ሰነድ ትመራለች። የአይኮም የሥነ ምግባር ደንብ ቅርስ ስለ መመለስ የሚናገሩ አንቀጾች አሉት። እዚያም ግን አንዲት ሐረግ ተሸጉጣለች፦ ሙዚየሙ በሕግ የማይከለከል ከሆነ። የብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጣ በ1963ቱ አዋጅ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ታግዷል። ትርጉሙ ወደ ደንቡ፣ ደንቡ ወደ አገሩ ሕግ፣ ሕጉ ደግሞ ተመልሶ “አይቻልም” ወደሚል በር ይመራል። ኮድ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መዞር ስናገኝ ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል። እዚህ ግን ፖሊሲ ይባላል።

በ2002 ኤድንብራ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ የተገኘ ታቦት ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው የሚያስታውሱ ቤተሰቦቻችሁ ይኖራሉ። ያገኙት ቄስ ምን እንደሆነ ሲያውቁ ይመለስ አሉ፤ ተመለሰ። ዓለም አቀፍ ትርጉም እስኪጸድቅ አልተጠበቀም።

ሁለተኛ፦ ዕቃ ቤት። አንድ የቆየ ገዳም ዕቃ ቤት አስቡ። ብራና አለ፣ መስቀል አለ፣ ነገሥታት የሰጡት ካባና ዘውድ አለ። ኃላፊነቱ የተሰጠው አባት ቁልፍ ይይዛል። ዕቃው ከመቶ ዓመታት ተርፎ የደረሰው መስታወት ውስጥ ስለገባ አይደለም፤ ስለሚሠራበት ነው። መስቀሉ ያሳልማል፣ መጽሐፉ ይነበባል፣ ሲያረጅ ይጠገናል ወይም ይገለበጣል። ቋሚ ነው? ከአብዛኞቹ የአውሮፓ ሙዚየሞች ይቀድማል። ለትርፍ ነው? አይደለም። የማኅበረሰብ ተሳትፎ አለው? ማኅበረሰቡ ራሱ ነው። “ለሕዝብ ክፍት” የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ይወድቃል። ደግሞም መውደቁ ጉዳት የለውም አልልም፤ የተዘጋ በር ሌባንም ያመቻል፣ ምን እንደጠፋ ለማወቅ መጀመሪያ የተመዘገበ ነገር ያስፈልጋል። ግን በዚህ ትርጉም መሠረት ብራናውን የጠበቀው ቤት ሙዚየም አይደለም፤ ብራናውን የወሰደው ቤት ነው። ይህን የሚያስወጣ ትርጉም አንድ ባግ አለበት።

ሦስተኛ፦ ድንቅነሽ። በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም በትምህርት ቤት አውቶቡስ የሄዳችሁ ሁሉ ያያችኋት ቅጂዋን ነው፤ እውነተኛው አጥንት በአብዛኛው ተቆልፎ ይቀመጣል። በ2007 ወደ አሜሪካ ሄዳ በ2013 ተመለሰች። በ2025 ደግሞ እውነተኛው አጥንት ከሰላም ጋር ለእይታ የቀረበው የት መሰላችሁ? ፕራግ፣ ብሔራዊው ሙዚየም ውስጥ። “ተደራሽ” የሚለው ቃል ድምፅ ባገኘበት ከተማ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ለአዲስ አበባ ልጅ ያልተደረሰችው አጽም ለፕራግ ልጅ ተደረሰች። ለስስ አጥንት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፤ ውሰትም ጥቅም አለው። ግን ተደራሽ ለማን፣ ከየት ተነስቶ፣ በምን ፓስፖርት? ትርጉሙ ዝም ይላል። ይህ ጥያቄ ደግሞ የሚወቅሰው ፈረንጅን ብቻ አይደለም፤ የእኛንም መሥሪያ ቤቶች ይነካል።

አሁን ወደ ጉባኤው ራሱ እንምጣ። የአይኮም ጠቅላላ ጉባኤ ልክ እንደ ጽዋ ማኅበር ነው፤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ልዩነቱ ወር ሳይሆን በአብዛኛው ሦስት ዓመት መጠበቁ ነው። በ1948 ፓሪስ ተጀመረ፤ ለንደን፣ ስቶክሆልም፣ ኒው ዮርክ፣ ሞስኮ፣ ሜክሲኮ፣ ቦነስ አይረስ፣ ሜልቦርን፣ ሶል፣ ሻንጋይ፣ ሪዮ፣ ሚላኖ፣ ኪዮቶ፣ ፕራግ እያለ ኖቬምበር 2025 ዱባይ ገባ። 27 ጊዜ ዞሯል። አፍሪካ አንድም ጊዜ አልደረሰም። ጽዋ ማኅበር ውስጥ እንዲህ የተዘለለ ሰው ቢኖር ገና በሦስተኛው ወር ሙሴው ይጠየቅ ነበር፦ “ይህ ሰው አባል ነው ወይስ እንግዳ?”

የዱባዩ ጉባኤ በፍጥነት በሚለወጡ ማኅበረሰቦች ውስጥ ስላለው የሙዚየም ዕጣ ነበር፤ ከንዑስ ርዕሶቹ አንዱ የማይዳሰስ ቅርስ። መልካም። ግን በዚያች ከተማ በየሰው ቤት የሚሠሩ፣ በዕረፍት ቀናቸው ተሰብስበው ቡና የሚያፈሉ፣ የሚያጨሱ፣ “አቦል” ብለው የሚያቀርቡ የኢትዮጵያ ሴቶች አሉ። የማይዳሰስ ቅርስ ከሻንጣ ጋር ተሸክሞ ባሕር የተሻገረ ሰው ቢባል እነሱ ናቸው። ትርጉሙ “ማኅበረሰቦች ይሳተፋሉ” ይላል፤ የጉባኤ ባጅ ግን የተሠራው ለባለሙያ ነው። ስለ እነሱ ሊወራ ይችላል፤ ከእነሱ ጋር መነጋገር ሌላ ነገር ነው።

የመጨረሻው ነገር ቋንቋ ነው። አይኮም በሦስት ቋንቋ ይሠራል፦ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ። አንቀጹን ወደ አማርኛ ለማምጣት ስሞክር ሁለት ቃል ላይ ቆምኩ።

አንዱ “ይተረጉማል” የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ትርጓሜ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሰው ዕድሜውን የሚሰጠው። የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ ይዞ “አንድም” ይላል፣ ይፈታል፤ እንደገና “አንድም” ይላል፣ ሌላውን ያመጣል። የፊተኛው አይሻርም፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ኪዮቶ ላይ “ብዙ ድምፅ” ተብሎ ብዙዎች ያፌዙበት ሐሳብ ለአንድ የቆሎ ተማሪ አዲስ አይደለም። የመቅደላ ዘውድ ሥር ያለው ጽሑፍ በአንድምታ ቢጻፍ ብላችሁ አስቡ፦ ዘውድ ነው፤ አንድም ምርኮ ነው፤ አንድም የሚጠበቅ እንግዳ ነው።

ሁለተኛው ራሱ ስሙ ነው። “ሙዚየም” ከማለታችን በፊት “ቤተ መዘክር” እንል ነበር፤ አሁንም የሚሉ አሉ። ዘከረ፣ አስታወሰ። ከዚያው ሥር “ዝክር” ይወጣል፤ ዝክር ደግሞ ለብቻ አይደረግም። ጠላ ይጠመቃል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ድሃ ይበላል። የሚዘክር ሰው ያለውን ይሰጣል። በዚህ ቃል ብንሄድ ቤተ መዘክር ማለት የሚያስታውስና ስለሚያስታውስ የሚሰጥ ቤት ነው። የፕራጉ ሰነድ ያጣው ግሥ ስማችን ውስጥ ቁጭ ብሏል።

ስለዚህ አንቀጹን ጣሉት አልልም። ከ2007ቱ ይሻላል፤ “ማኅበረሰቦች” የሚለው ቃል መግባቱ ለሚከራከር ሰው መያዣ ነው። ግን እንደማንኛውም ሰነድ፣ በሚቀጥለው ዙር ሲከፈት አንድ መስመር ይጨመርበት ብሎ የሚሟገት ሰው ያስፈልገዋል፦ ሙዚየም የያዘው ዕቃ እንዴት እንደመጣ ይናገራል፤ በግፍ የመጣ ከሆነም ይመልሳል። ይህ መስመር ሊፈተን ይችላል፣ ሊወድቅም ይችላል። ቅርስ ጥናት እየተማራችሁ ያላችሁ፣ አይኮም በሚቀጥለው ዙር አስተያየት ሲሰበስብ በአማርኛ ጻፉና ላኩ። ተርጉሙልን ቢሉ፣ ትርጓሜ እንደሆነ እናውቅበታለን።